ሸርጣን የሚቆጥሩ ተማሪዎች



በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አቅራቢያ ፔኒኪዝ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በሐምሌ ወር 1873 ሃምሳ ያህል ሰዎች በእንፋሎት መርከብ ወደዚያች ደሴት ተሻገሩ። በዚህ ዲስኩር የሚጠሩት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከተሻገሩት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ፤ ሴቶችም አብረው ሄደዋል፤ ይህም በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። የጠራቸው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ሊቅ ሉዊ አጋሲ ሲሆን ደሴቲቱን ከ50,000 ዶላር ጋር የሰጠው ደግሞ ጆን አንደርሰን የተባለ የኒው ዮርክ የትምባሆ ነጋዴ ነው። ሐሳቡ አጭር ነበር፤ የባሕርን ነገር ለልጆች የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ የራሱን እጅ ባሕር ውስጥ ይንከር።

አጋሲ በሃርቫርድ አዲስ ተማሪ ሲመጣለት የዓሣ ናሙና ከፊቱ ያስቀምጥለትና ትቶት ይሄዳል። ተማሪው አጉሊ መነጽር እንኳ ሳይፈቀድለት ዓሣውን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሲመለከት ይውላል። ያየውን ሲናገር መምህሩ ገና አላየህም ይለውና እንደገና ይተወዋል።

ስለዚህ ሰው ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። አጋሲ የሰው ዘር እኩል አይደለም ብሎ ይሰብክ ነበር፤ በ1850 በደቡብ ካሮላይና በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ጥቁሮችን ለዚሁ አሳቡ ማስረጃ ይሆኑኛል ብሎ እርቃናቸውን ፎቶግራፍ አስነስቷቸዋል። የዓሣን ቅርፊት አንድ በአንድ የመረመረ ዓይን ሰውን ማየት ተሳነው። የማስተማር ዘዴው ግን ከእርሱ ተለይቶ ኖረ። አጋሲ በዚያው በ1873 መጨረሻ ሞተ፤ በደሴቲቱ የከፈተው ትምህርት ቤትም ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ተዘጋ። በፔኒኪዝ ከተማሩት አንዱ ዴቪድ ስታር ጆርዳን ግን በኋላ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1892 በካሊፎርኒያ ፓስፊክ ግሮቭ፣ በባሕሩ አፋፍ ላይ፣ ዛሬ ሆፕኪንስ የሚባለውን የባሕር ምርምር ጣቢያ ከፈተ።

ልጅን ወደ ባሕር ዳርቻ መውሰድ ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ልጅ አሸዋ ላይ ይሮጣል፣ ዛጎል ይለቅማል፣ እግሩን አርሶ ይመለሳል፤ ይህ ደስ የሚል ሽርሽር ነው፤ ሽርሽርም ለልጅ ያስፈልገዋል። ሽርሽሩ ትምህርት የሚሆነው ለልጁ ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ያውም ውጤቱን ከክፍሉ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ሥራ። የዛሬው ዲስኩር የሚከራከረው ለዚህ ነው፤ ማስረጃውም ከዚያው ከፓስፊክ ግሮቭ ድንጋያማ ዳርቻ ይጀምራል።

በ1931 ዊሊስ ሒዋት የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በሆፕኪንስ ጣቢያ ፊት ለፊት ከደረቁ ድንጋይ ተነሥቶ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ እስከሚታየው ወለል ድረስ አንድ መስመር ዘረጋ። መስመሩ እንዳይጠፋ ድንጋዩን በስቶ የነሐስ ብሎኖች ተከለበት። ከዚያም በመስመሩ ላይ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች፣ ኮከብ ዓሣዎችና ሌሎች ፍጥረታት ካሬ በካሬ ቆጠረ። ሥራው በመዝገብ ተቀመጠ፤ ስድሳ ዓመት ገደማም አለፈ።

በ1993 ራፍ ሳጋሪንና ሣራ ጊልማን የተባሉ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብሎኖቹን ፈልገው አገኙ፤ በዚያው መስመር ላይም እንደገና ቆጠሩ። ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው በ1995 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አነጋገረ። ሙቅ ውሃ ከሚወዱ ዘጠኝ የደቡብ ዝርያዎች ስምንቱ በዝተዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከሚወዱ ስምንት የሰሜን ዝርያዎች ደግሞ አምስቱ ቀንሰዋል። በእነዚያ ስድሳ ዓመታት የዳርቻው ውሃ አማካይ ሙቀት በ0.75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ሒዋት ሲቆጥር ስለ ባሕር መሞቅ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ቦታውን አመልክቶ፣ ዘዴውን ጽፎ፣ ቁጥሩን ትቶ ስለ ሄደ ያላሰበውን ጥያቄ ለመመለስ በቃ።

እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅስ?

በካሊፎርኒያ ጠረፍ ሊምፔትስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሥሩ ወደ 1970ዎቹ ይመለሳል፤ ያኔ በሳንታ ክሩዝ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ጆን ፒርስ ተማሪዎቻቸውን ይዘው በድንጋያማው ዳርቻ ላይ ይቆጥሩ ነበር። ከ2000 ወዲህ ሥራው ወደ መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርዶ ከአገሪቱ የባሕር ጥብቅ ሥፍራዎች ጋር ተጣመረ። ዛሬ በያመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ይወጣሉ። ድንጋያማ ዳርቻ ያለው በድንጋይ ላይ ይቆጥራል፤ አሸዋ ያለው ደግሞ የአሸዋ ሸርጣን ይፈልጋል።

ይህ ሸርጣን አውራ ጣት የሚያህል፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ግራጫ ፍጥረት ነው። መቆንጠጫ ስለሌለው ልጅ ቢይዘው አይጎዳውም። የሚኖረው ሞገድ ወጥቶ በሚመለስበት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ወደ ኋላው እየቆፈረ ይቀበርና ውሃው ሲመለስ ላባ መሳይ አንቴናውን ዘርግቶ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ሕዋሳትን ያጠምዳል። እርሱን በተራው ወፎች፣ ዓሣዎችና የባሕር ኦተር የሚባሉ አጥቢ እንስሳት ይበሉታል። ስለዚህ በባሕሩ ውስጥ የሚሆነው ብዙ ነገር በእርሱ በኩል ያልፋል።

ይህ ማለፍ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ የባሕር አልጌዎች ዶሞይክ አሲድ የሚባል የነርቭ መርዝ ያመነጫሉ። በ1998 በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ በሁለት ወር ውስጥ ከ400 በላይ የባሕር አንበሶች የሞቱት በዚህ መርዝ ነው። የአሸዋ ሸርጣን አልጌውን እያጣራ ስለሚበላ መርዙን በአካሉ ውስጥ ያከማቻል፤ ስለዚህም ተመራማሪዎች የመርዙን መምጣት ለማወቅ ሸርጣኑን መመርመር እንደሚቻል አሳይተዋል። በሌላ በኩል ሸርጣኑ እሾሃማ ራስ ያለው ጥገኛ ትል ይሸከማል፤ ትሉ ሸርጣኑን ወደሚበሉት ወፎችና የባሕር ኦተሮች ይተላለፋል፤ የኦተሩን አንጀት በስቶም ሊገድለው ይችላል። ተማሪው የሚቆጥረው እንግዲህ ይህን ፍጥረት ነው።

ሥራው የሚጀምረው በክፍል ውስጥ ነው። ሸርጣኑ ወንድ ይሁን ሴት በምን እንደሚለይ፣ ጀርባው ከየት እስከ የት እንደሚለካ አስቀድሞ ይታወቃል። ባሕር ዳርቻ ሲደረስ የመጀመሪያው ትምህርት የደኅንነት ነው፤ ለባሕር ጀርባ አይሰጥም። የካሊፎርኒያ ባሕር ቀዝቃዛ ነው፤ ከተራው ሞገድ መካከል ድንገት እስከ ደረቁ አሸዋ የሚዘልቅ ይነሣል። ተማሪ ሲያጎነብስ ዓይኑን ወደ ባሕሩ ያደረገ ሌላ ሰው መኖር አለበት።

ከዚያ የ50 ሜትር ገመድ ከውሃው ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ ይዘረጋል፤ በላዩም አምስት ነጥቦች በዕጣ ይወጣሉ። ዕጣው ለምን አስፈለገ? ልጅ ሸርጣን የበዛበትን አይቶ እዚያ መቆፈር ይወዳል፤ እንዲያ ከተደረገ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ልጁ ምኞት ይሆናል። ለአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የናሙናን ትርጉም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት አድካሚ ነው፤ አሸዋ ላይ ቆሞ ብዙ ሸርጣን ያለበትን ጉድጓድ ትቶ ዕጣው ወዳዘዘው ባዶ ቦታ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገባዋል፤ አንዳንዱም ይናደዳል።

ከየነጥቡ ወደ ውሃው በሚወርድ መስመር ላይ አሥር ጊዜ የፕላስቲክ ቱቦ አሸዋው ውስጥ ይተከላል፤ በጠቅላላው 50 ናሙና ይሆናል። በቱቦው የወጣው አሸዋ በመረብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በባሕሩ ውሃ ይታጠባል። አሸዋው ያልቃል፣ ሸርጣኑ ይቀራል። አንዱ ልጅ ሸርጣኑን ይይዛል፣ ሌላው በካሊፐር ይለካል፣ ሦስተኛው ቅጽ ላይ ይመዘግባል። እንቁላል የያዘች ሴት ከሆዷ ሥር በሚታየው ብርቱካናማ ቀለም ትታወቃለች። እስከ 9 ሚሊሜትር ያለው ትንሽ ሸርጣን በቅርቡ ከባሕር የደረሰ ነው ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል፤ ጨቅላው ከተፈለፈለ በኋላ በውቅያኖሱ ሞገድ ለወራት ተንሳፍፎ ምናልባትም ከተወለደበት እጅግ ርቆ ያርፋልና። ልኬቱ ሲያበቃ ሸርጣኖቹ ሁሉ ወደ አሸዋቸው ይመለሳሉ፤ ቁጥሩም ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና የጥብቅ ሥፍራ ጠባቂዎች ሊያዩት ወደሚችሉት የጋራ የመረጃ ቋት ይገባል።

የዚህ መዝገብ ጥቅም በክፉ ቀን ይታያል። ኅዳር 7 ቀን 2007 ኮስኮ ቡሳን የተባለች የጭነት መርከብ የሳን ፍራንሲስኮን የቤይ ድልድይ ምሰሶ ገጭታ ወደ 200,000 ሊትር የሚጠጋ የመርከብ ነዳጅ በባሕረ ሰላጤው አፈሰሰች። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ትናንት እዚህ ምን ያህል ሕይወት ነበር የሚል ነው። አስቀድሞ ያልቆጠረ ሰው መልስ የለውም፤ ካሣ ጠያቂውም ሆነ ፈራጁ በግምት ይነጋገራል። ከ2013 ጀምሮ ከአላስካ እስከ ሜክሲኮ የኮከብ ዓሣ ዝርያዎች ክንዳቸው እየተቆረሰ፣ አካላቸው እየሟሟ በበሽታ ሲያልቁም እንዲሁ ሆነ። ስንት እንደ ጠፋ ማወቅ የቻለው ስንት እንደ ነበረ የጻፈ ብቻ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል። ልጅ የቆጠረውን ማን ያምናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁም ነገርም ተፈትሿል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የእስያ ዳርቻ ሸርጣን የሚባል መጤ ዝርያ በ1988 በኒው ጀርሲ ታየና ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ተስፋፋ። መስፋፋቱን ለመከታተል ከኒው ጀርሲ እስከ ሜይን ድረስ አንድ ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ተሰማርተው ነበር፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በ2008 የታተመው ጥናት የእነርሱን ውጤት ከባለሙያ ውጤት ጋር አስተያየ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች መጤውን ከነባሩ በመለየት 80 በመቶ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ 95 በመቶ ትክክል ነበሩ። የሸርጣኑን ጾታ በመለየት ግን የሰባተኛ ክፍሎች ወደ 80 በመቶ ወረዱ፤ እዚያ 95 በመቶ ለመድረስ ቢያንስ የሁለት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጠየቀ። መልሱ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ሥራው ለዕድሜው ከተመጠነ የልጅ ቁጥር ይታመናል፤ ካልተመጠነ አይታመንም። ለሦስተኛ ክፍል ዝርያ መለየትን፣ ለትልልቆቹ ጾታን መስጠት የመምህሩ ብልኀት ነው።

አሸዋ የሌለበት ከተማም ሰበብ የለውም። የኒው ዮርክ ወደብ በአንድ ወቅት ኦይስተር በሚባል ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት የተሞላ ነበር፤ ድሀውም ሀብታሙም በየመንገዱ ገዝቶ ይበላው ነበር። በፍሳሽ ብክለትና ከመጠን በላይ በመለቀም ምክንያት በ1927 የመጨረሻዎቹ የኦይስተር መስኮች ተዘጉ። በ2003 የተከፈተውና ኋላ ወደ ገቨርነርስ ደሴት የተዛወረው የኒው ዮርክ ሃርበር ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ጀልባ መንዳት፣ መጥለቅና ኦይስተር ማርባት ያስተምራል። ከዚያ የወጣው ቢሊዮን ኦይስተር ፕሮጀክት በ2014 ተመሥርቶ እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ኦይስተር ወደ ወደቡ ለመመለስ አቅዷል። ከምግብ ቤቶች የተሰበሰበ ባዶ ቅርፊት ለወራት በፀሐይ ከቆየ በኋላ ጨቅላዎቹ ተጣብቀው የሚያድጉበት ቤት ይሆናል። አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ሊያጣራ ይችላል። የከተማው ተማሪዎች ከወደቡ ግድግዳ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ሽቦ ሣጥን ያወጣሉ፣ ቅርፊቱን ይለካሉ፣ የሞተውንና ያለውን ይቆጥራሉ። ኦይስተሩን ግን አይበሉትም፤ የወደቡ ውሃ ገና ለዚያ አልበቃም። ይህን ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ ስለ ከተማው ፍሳሽ ከአንድ ሴሚስተር ንባብ የበለጠ ይማራል።

የዚህ ትምህርት ጎደሎ ጎንም አይካድም። ሕይወት በበዛበት ድንጋይ ላይ አንድ መቶ ጥንድ ጫማ ሲረግጥ የሚሞት ፍጥረት አለ፤ ድንጋይ ገልብጦ እንደ ነበረ ያልመለሰ ልጅ ከሥሩ የነበሩትን ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል። አውቶቡስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ባሕሩን የሚያዩት ቀድሞውኑ ያዩት የሀብታም ሰፈር ልጆች ናቸው። የባሕሩ መሸሻ ሰዓት በጨረቃ ይወሰናል እንጂ በትምህርት ቤት ደወል አይወሰንም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የአንድ ቀን ጉብኝት ነው፤ ልጆቹ ይለካሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መስመር ላይ የሚቆጥር ክፍል ከሌለ የዘንድሮው ቁጥር የሚነጻጸርበት የለውም።

ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ በዚህ ወሬ ውስጥ ምን ድርሻ አላት? በመጀመሪያ ዝናቧ። ክረምት የሚያዘንበው እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከአጎራባች ባሕሮች ይመጣል። በሩቁ የፓስፊክ ወገብ ላይ ውሃው ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚባለው ማለት ነው፣ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በ2015 የሆነው ይኸው ነው፤ ከዚያ የተነሣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። የካሊፎርኒያ ልጆች እግራቸውን የሚነክሩበት ውቅያኖስና የወሎ ገበሬ ቀና ብሎ የሚጠብቀው ደመና በአንድ የአየር ሥርዓት የተያያዙ ናቸው።

ሁለተኛው አፋር ነው። በደናክል ረባዳ ጠርዝ ላይ ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ገብቶ በነበረበት ዘመን የኖሩ የኮራል ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። ግመል የሚጫነው ጨው የዚያ ባሕር ትራፊ ነው። የመቀሌ ወይም የሰመራ የጂኦግራፊ መምህር ውቅያኖስን ለማስተማር ፓስፖርት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ሐይቆቹ ናቸው። ጣና ላይ እምቦጭ በ2011 መታየቱ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ንቀላ ብዙ ጉልበት በልቷል። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ የሚለኩ የባሕር ዳርና የጎርጎራ ተማሪዎች ቢኖሩ አረሙ ምን ያህል እንደ ራቀ ወይም እንደ ቀረበ የሚያሳይ መዝገብ ይኖር ነበር። መሣሪያው ውድ አይደለም። ጣሊያናዊው ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ በ1865 የባሕርን ጥራት የለካው በገመድ የታሰረ ነጭ ክብ ሳህን ወደ ውሃ እያወረደ ነው፤ ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የውሃው ጥራት ልክ ይሆናል። ዛሬም የሐይቅ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ሐዋሳ፣ ዝዋይና አባያ ዳር ያለ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሳህን፣ ገመድና ደብተር አያጣም። ጀልባና ዋና የሚችል አዋቂ ሰው ግን አስቀድሞ መገኘት አለበት፤ ያለ እርሱ ማንም ልጅ ውሃ ዳር አይቅረብ።

በውጭ ለሚኖሩ ወላጆች ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ስምምነት ተማሪዎች ሁሉ በትምህርት ዘመናቸው ከውሃው ጋር በተግባር እንዲገናኙ ይጠይቃል። ሜሪላንድም በ2011 የአካባቢ ትምህርትን ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ግዴታ በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱ አንድ ቀን በልጁ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ቤት ይደርሳል። ከትምህርት የሚያስቀር ጨዋታ መስሎ የሚታየው ወላጅ ይኖራል፤ ልጄ ውሃ ይወስድብኛል ብሎ የሚሰጋም አይጠፋም። ሥጋቱ የወላጅ ነውና ይከበር፤ መልሱም ከትምህርት ቤቱ ስለ ጠባቂዎቹ ቁጥርና ስለ ደንቡ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ መምህራንና ወላጆች የሚቀርበው ጥሪ ይህ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ወረቀቱን ፈርሙ፤ ስትፈርሙም ሁለት ነገር ጠይቁ። ልጃችን ምን ይለካል? የለካውንስ ማን ይቀበለዋል? መልስ ካገኛችሁ ልጁን በሙሉ ልብ ላኩት፤ ካላገኛችሁ ትምህርት ቤቱ መልስ እንዲያዘጋጅ ገፋፉት። በሐይቅና በወንዝ ዳር የምታስተምሩ መምህራን ደግሞ ከመጪው የትምህርት ዓመት በፊት አንድ ቦታ ምረጡ፣ ምልክት ትከሉበት፣ የመጀመሪያውን ልኬት ከተማሪዎቻችሁ ጋር መዝግቡ። መዝገቡንም ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው መምህር አስረክቡት።